አደራ በላ እንዳንሆን፦ ስለ ወቅፍ፣ ስለ ኑዛዜና ስለ የቲም ሀቅ

(አሶሳ ላይ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ለጀመዓው የቀረበ ንግግር)

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ለአላህ፣ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ ከሶላት በኋላ ጥቂት እንድትቆዩልን የጠየቅነው እንደለመድነው ሌላውን አካል ለመጠየቅ አይደለም። ዛሬ የምንጠይቀው ራሳችንን ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፦ በእጃችን ያለው አደራ ነገ ብንሞት የት ይገኛል?

ሁላችሁም የምታውቁትን ጉዳይ በአጭሩ እናስታውስ። በ2004 ከአዲስ አበባው አወሊያ ግቢ የተነሣው ድምፅ ሦስት ጥያቄዎች ነበሩት። መጅሊሱ ሕዝበ ሙስሊሙ በየመስጂዱ በመረጣቸው ሰዎች ይመራ፤ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር፤ የአሕባሽ አስተምህሮ በግዴታ አይጫንብን። ይህን ጥያቄ ይዘው ወደ መንግሥት የሄዱት 17 የኮሚቴ አባላት ነበሩ። በሐምሌ 2004 እስሩ ተጀመረ፤ በሐምሌ 2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት የሚደርስ እስራት ተፈረደ። ሰላማዊው ትግላችን ግን አልቆመም።

ወንድሞችና እህቶች! እነዚያን ጥያቄዎች ደግመን ብንመለከታቸው ሁለቱ የአደራ ጥያቄዎች ነበሩ። አወሊያ የአንድ ሰው ቤት አይደለም፤ የሙስሊሙ ልጆች የሚማሩበት፣ በሙስሊሙ ስም የቆመ ንብረት ነው። የሕዝብ ንብረት የሚያስተዳድር ሰው በማን ተመረጠ? ለማን ሒሳብ ያቀርባል? ማንስ ያነሣዋል? ያልነው ይህንኑ ነው። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። ነገር ግን ለሌላው ያቀረብነውን ጥያቄ በየመስጂዳችን ለራሳችን አቅርበነዋል? እውነቱን እንናገር ካልን አላቀረብነውም።

ይህን ስንል ከአየር ላይ አይደለም። በእኛው ላይ የደረሰውን እንንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከምናገለግልባቸው መስጂዶች በአንዱ ለመድረሳው ጣሪያ ገንዘብ አሰባሰብን። መስጂዱ በስሙ የባንክ ሒሳብ አልነበረውም። ስለዚህ ገንዘቡን በምናምነው ወንድማችን የግል ሒሳብ አስቀመጥን። ሰውየው ነጋዴ ነበር፤ የእርሱም የሱቅ ገንዘብ በዚያው ሒሳብ ይገባል፣ ይወጣል። ደብተር እንያዝ ያለ ሰው ቢኖር “እርሱን ልንጠረጥር ነው?” ብለን አፉን እናስይዘው ነበር። ወንድማችን በአጭር ሕመም ወደ አኺራ ሄደ፤ አላህ ይዘንለት። ሚስቱና አራት ልጆቹ ቀሩ።

ሐዘኑ ሳይበርድ ወደ ቤቷ ሄድን። “ከዚህ ሒሳብ ውስጥ የመድረሳው ገንዘብ አለ” አልናት። እርሷም “እኔ የማውቀው የለም፤ ወረቀት ካላችሁ አምጡ” አለችን። ወረቀት አልነበረንም። ከመካከላችን አንዳንዱ ተናደደ። “የመስጂድ ገንዘብ በላች” የሚል ወሬ ከጀመዓው ወጥቶ ገበያ ደረሰ። ትልቋ ልጇ ይህንኑ ከመድረሳ ጓደኞቿ አፍ ሰማች። ከዚያ ቀን በኋላ መድረሳ መምጣት አቆመች።

ጉዳዩን የሰሙ አንድ አባት ሰበሰቡንና ሦስት ነገር ጠየቁን። “ስንት ሰጣችሁት? መቼ ሰጣችሁት? ማን አየ?” ለአንዱም የተሟላ መልስ አልነበረንም። እርሳቸውም እንዲህ አሉን፦ “በወረቀት የተረጋገጠው የሟቹ ዕዳ ነው፤ ከውርሱ በፊት ይከፈላል። ያልተረጋገጠው የየቲሞቹ ነው። በጥርጣሬ የየቲም ሒሳብ አይነካም።” ተፈለገ፤ በቀጥታ ወደ ሒሳቡ ገቢ አድርገው ደረሰኙን ያስቀመጡ ሁለት ሰዎች ብቻ ተገኙ። ሴትዮዋ የእነርሱን ሳታመነታ ከፈለች። የቀረውን እኛ የኮሚቴው አባላት ከየኪሳችን ለማዋጣት ወሰንን። አዋጥተን እስክንጨርስ አንድ ሙሉ ክረምት ልጆቹ ዝናብ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ቀሩ።

በመጨረሻ ዐፍው ለመጠየቅ ሄድን። “እኔ ዐፍው ብያለሁ” አለችን። “ልጄን ግን እናንተው ጠይቋት።” የልጅ ፊት ማየት ያን ቀን ከበደን። ልጅቷም ወደ መድረሳው የተመለሰችው ጣሪያው ከተሠራ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌባ የለም። ሟቹ አልሰረቀም፤ ሚስቱም አልሰረቀችም። ጥፋቱ የእኛ ነው። ሰውን ማመንን ከአለመጻፍ ጋር አንድ አደረግነው። አላህ ግን በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ ዕዳ ስንዋዋል እንድንጽፍና እንድናስመሰክር ያዘዘን ስለማንተማመን አይደለም፤ እንደተማመንን እንድንቆይ ነው። አበውም “አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ” ይላሉ። አደራ የሚጠብቀው በቃል ብቻ አይደለም፤ በወረቀትም ጭምር ነው።

ውድ ጀመዓ! ወቅፍ ምንድን ነው? ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በኸይበር መሬት አገኙ። ከዚያ የሚወዱት ንብረት አልነበራቸውም። ምን ላድርገው ብለው ረሱልን (ሶ.ዐ.ወ.) አማከሩ። የተሰጣቸው ምክር ዋናውን አቆይተው ፍሬውን ሶደቃ እንዲያደርጉ ነበር። ዑመርም መሬቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስ አድርገው ፍሬውን ለድኾች፣ ለዘመዶች፣ ባሪያን ነፃ ለማውጣት፣ ለመንገደኛና ለእንግዳ መደቡት። የሚያስተዳድረውም ሰው በአግባቡ ሊበላ ይችላል፤ ነገር ግን ሀብት ሊያከማችበት አይችልም አሉ። ከእርሳቸው በኋላም አስተዳዳሪዋ ልጃቸው የምእመናን እናት ሐፍሷ (ረ.ዐ.) እንድትሆን ወሰኑ።

ይህን ልብ በሉ። በአንድ ውሳኔ ውስጥ አራት ነገር ተሟልቷል። ንብረቱ ተለይቷል። ተጠቃሚው ተለይቷል። የአስተዳዳሪው ድርሻና ገደብ ተነግሯል። ተተኪው ተሰይሟል። ተተኪዋም ሴት ነበረች። ዛሬ በየመስጂዳችን ካሉት የወቅፍ ሱቆች፣ ወፍጮዎችና ቤቶች ውስጥ እነዚህን አራቱን የሚያሟሉት ስንቶቹ ናቸው?

በዑመር ወቅፍ ውስጥ ባሪያን ነፃ ማውጣት መኖሩ ለእኛ ለዚህ አገር ሰዎች ተራ ነገር አይደለም። በቤላ ሻንጉል፣ በአቆልዲና በኾሞሻ ሸኾች ዘመን ከዚህ አፈር የሚወጣው ግብር ወርቅና ሰው ነበር። ሰው እንደ ዕቃ የተቆጠረበት፣ የተሰጠበትና የተወረሰበት ዘመን በአያቶቻችን ላይ አልፏል። የአሶሳው ሸህ ኾጀሌ አል ሐሰን ስም ዛሬም በአዲስ አበባ “ሸጎሌ” በሚባለው ሰፈር ይጠራል። የሰው ስም በሰፈር ሊቀር ይችላል። አላህ ዘንድ የሚቀረው ግን ከሐላል ተገኝቶ፣ በሀቅ ተይዞ፣ ለተቸገረ የደረሰው ነው።

አንዳንድ ወንድሞች “በኢትዮጵያ ወቅፍ ማድረግ አይቻልም፤ ደርግ ወስዶታል” ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። በአዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬት የሕዝብ፣ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በኪራይ ገቢ የሚተዳደሩ የእምነት ተቋማት ያን ጊዜ እጃቸው ባዶ ቀረ። ዛሬም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ “መሬቴን ወቅፍ አድርጌያለሁ” ብሎ በቃል ተናግሮ መሞት ለልጆችም ለመስጂዱም ጠብ ማውረስ ነው። የመጠቀም መብትን ለማስተላለፍ አስቀድሞ የወረዳውን የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ነገር ግን ያፈራነው ሀብት የእኛ ነው። የሠራነው ቤት፣ የተከልነው ወፍጮ፣ ሱቁ፣ ከብቱ፣ የማንጎው ፍሬ ሁሉ አለ። የአሶሳ ሰው ማንጎ ምን እንደሆነ ማንም አይነግረውም፤ አንድ ዛፍ የተከለውን ሰው ዕድሜ አልፎ ያፈራል። የጥሬ ገንዘብን ወቅፍ በተመለከተ ኡለሞች የተለያየ አቋም ስላላቸው ከማድረጋችሁ በፊት ጠይቁ። ወቅፍ የሀብታም ሥራ ብቻ ነው ያለን የለም። በ1977 ድርቅ ከወሎ ወደዚህ የመጡ አባቶቻችን ባዶ እጃቸውን መጥተው በየአምባው የሣር መስጂድ የሠሩት ከምንም ተነሥተው ነው። የበርታ ወንድሞቻቸው በቀርከሃው፣ በውኃውና በጉልበቱ አግዘዋቸዋል። የዚያን መስጂድ አጅር ማን ሊለካው ይችላል?

አሁን ወደ ኑዛዜ፣ ወደ ወሲያ እንምጣ። ረሱል (ሶ.ዐ.ወ.) የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ወሲያው ተጽፎ ከዘንዱ ሳይኖር ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው አስተምረዋል። እኛ ግን ኑዛዜ ሲባል ሞት የጠሩብን ይመስለናል። በመንጌ፣ በሸርቆሌና በኩርሙክ ወርቅ የሚያጥበው ወንድማችን ወርቁን የት እንዳኖረ ሚስቱ አታውቅም። ነጋዴው ለማን እንዳበደረ፣ ከማን እንደተበደረ በልቡ ብቻ ይዞታል። በመተከልና በከማሺ በደረሰው ግጭት ስንት ቤተሰብ ነፍሱን ብቻ ይዞ እንደሸሸ አይተናል። ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው በክልላችን የተጠለሉ ወንድሞችና እህቶችም ንብረታቸውን በሰው እጅ ትተው መጥተዋል። አደራ የተቀበለ ሰው ካልጻፈ፣ እርሱ ሲሞት አደራውም አብሮ ይቀበራል።

ሰው ሲሞት የንብረቱ ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። መጀመሪያ የከፈኑና የቀብሩ ወጪ። ቀጥሎ ዕዳው። ቀጥሎ ወሲያው። በመጨረሻ ውርሱ። ለሚስት ያልተከፈለ መህር ዕዳ ነው፤ ከልጆቹም ከወንድሞቹም ድርሻ ይቀድማል። ወሲያ ከንብረቱ ሲሶ አያልፍም። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ታመው ሳለ ሀብታቸውን በብዛት ለመስጠት ሲጠይቁ የተፈቀደላቸው ሲሶው ነው፤ እርሱም ብዙ መሆኑ ተነግሯቸዋል፤ ወራሾችን ሳይቸገሩ መተው ሰው እጅ የሚያዩ አድርጎ ከመተው ይሻላልና። ለወራሽ ደግሞ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ በቀር ወሲያ የለም። አንዱን ልጅ ለማስበለጥ፣ ሴት ልጅን ለመንቀል፣ “ለመስጂድ” ብሎ ሚስትን ለማስቀረት ወሲያ መጠቀም ዒባዳ አይደለም፤ በደል ነው። መስጂዱም እንዲህ ያለውን ስጦታ አይቀበል።

ስለ እህቶቻችን ሳንናገር አናልፍም። በሱረቱ ኒሳእ 7ኛው አንቀጽ አላህ ወላጆችና ዘመዶች ከተዉት፣ ትንሽም ይሁን ብዙ፣ ለወንዶችም ለሴቶችም ድርሻ ወስኗል። እኛ ዘንድ ግን “እርሷ ባል አላት” ተብሎ፣ ወይም “ለወንድምሽ ተይለት” ተብላ በይሉኝታ የቀረችው ስንት ናት? በይሉኝታ የተወሰደ ሀቅ ሐላል አይሆንም። መጀመሪያ ድርሻዋ በእጇ ይግባ። ከዚያ መስጠት ከፈለገች ራሷ ትስጥ።

የአገራችንን ሕግም እንወቅ። በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ ሦስት ዓይነት ነው። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ወዲያው ይፈረማል፤ ይህም መፈጸሙና ቀኑ በጽሑፉ ላይ ይገለጻል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም የውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረገው ደግሞ ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገር፣ በእያንዳንዱ ገጽ ቀንና ፊርማ ያለበት መሆን አለበት። ይህ ዓይነቱ በ7 ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። የቃል ኑዛዜ በሁለት ምስክር ፊት የሚነገር ሲሆን የሚያገለግለው ለቀብር ሥርዓት፣ ከ500 ብር ላልበለጠ ስጦታና ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች አሳዳጊና ሞግዚት ለመወሰን ብቻ ነው፤ ተናዛዡ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ይፈርሳል። ስለዚህ “ሸኹ ፊት ተናግሬያለሁ” የሚለው ለቤትና ለሱቅ አይበቃም። ወሲያችን በሸሪዓውም በሕጉም ፊት እንዲጸና አድርገን እንጻፈው።

የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ለዚህ ጉዳይ ያሉ ተቋማት ናቸው። በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ወቅፍ፣ ሂባ፣ ውርስና ኑዛዜ ሰጪው ወይም ሟቹ ሙስሊም ከሆነ በእነርሱ ሊታዩ ይችላሉ። ሆኖም ተከራካሪዎቹ በፍርድ ቤቱ መዳኘትን መፍቀድ አለባቸው። መብታችንን በጊዜ እንጠይቅ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ በኋላ ሦስት ዓመት ዝም ካለ ይርጋ ሊያግደው ይችላል። ሽማግሌ መያዝ መልካም ነው፤ ሽምግልናው እያደረ የየቲሙን ጊዜ የሚበላ ከሆነ ግን መልካም አይደለም።

አሁን በአደራ ላይ የተቀመጣችሁ፣ የመስጂድ ኮሚቴዎች፣ የወቅፍ አስተዳዳሪዎች፣ የየቲም ሞግዚቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ለእኛም ነው።

አንደኛ፦ የመስጂድ ገንዘብና የግል ገንዘብ በአንድ ሒሳብ አይደር። መጅሊሱ በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 የሕግ ሰውነት አግኝቷል፤ ንብረትን በግለሰብ ስም የማስቀመጥ ምክንያት እየጠበበ ነው። ባንክ ወለድ ነው የሚለውም ምክንያት አይሠራም። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ በ2013 ሥራ ጀምሯል፤ በሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ አገልግሎት አለ። ገንዘብ ሲወጣ ፊርማው የአንድ ሰው ብቻ አይሁን።

ሁለተኛ፦ የሰጪው ፍላጎት ይጠበቅ። ለመድረሳ የተሰጠ ለመድረሳ፣ ለጉድጓድ የተሰጠ ለጉድጓድ ይዋል። ችግር ቢያስገድድ እንኳ ኡለሞች ሳይጠየቁና ጀመዓው ሳያውቅ አይዛወር።

ሦስተኛ፦ አስተዳዳሪ ከራሱ ጋር አይገበያይ። የወቅፉን ሱቅ ለወንድሙ በርካሽ አያከራይ፤ የወቅፉን ወፍጮ ራሱ አይግዛ። ለድካሙ የሚገባው ካለ ጀመዓው አውቆ ይወስንለት።

አራተኛ፦ የየቲም ሞግዚት ሱረቱ ኒሳእ 6ኛውን አንቀጽ ያንብብ። ሀብታም የሆነው ከየቲሙ ገንዘብ ይታቀብ፤ ድኻው በአግባቡ ይብላ። ልጁ ሲጎለምስም ንብረቱን በምስክር ፊት ያስረክብ። የዚያው ሱራ 10ኛው አንቀጽ የየቲምን ገንዘብ በበደል የሚበላ በሆዱ እሳት እንደሚበላ ይነግረናል። ከዚህ በላይ ማስጠንቀቂያ የለም።

አምስተኛ፦ ሒሳብ ሳይጠየቅ ይቅረብ። በየሦስት ወሩ ገቢና ወጪው በመስጂዱ በር ላይ ይለጠፍ፤ በሴቶች መስገጃ በኩልም ይለጠፍ። ሒሳብ ጠያቂውን “ፊትና አስነሺ” አንበለው። እኛም ሒሳብ ስንጠይቅ ይህን ስም ተሰጥተናል፤ እንዴት እንደሚያም እናውቃለን።

ስድስተኛ፦ አደራው ከሰውየው ዕድሜ ይርዘም። ደብተሩ ሁለት ቅጂ ይኑረው፤ ተተኪው ከአሁኑ ይታወቅ።

ወንድሞችና እህቶች! ከዚህ ስንወጣ ምን እናድርግ? ዛሬ ማታ እያንዳንዳችን አንድ ወረቀት እናውጣ። ያለብንን ዕዳ፣ ያለንን ገንዘብ፣ በእጃችን ያለውን የሰው አደራ፣ ያልከፈልነውን መህር እንጻፍ። ለሚስታችን ወይም ለምናምነው ሰው ወረቀቱ የት እንዳለ እንንገር። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አባቶችና እናቶች አሉ፤ የመድረሳችን ወጣቶች በመጪዎቹ ጁሙዓዎች ከሶላት በኋላ ተቀምጠው ይጻፉላቸው፣ ምስጢራቸውንም ይጠብቁ። የመስጂድ ኮሚቴዎችም የወቅፍ ንብረታቸውን መዝግበው በአንድ ወር ውስጥ ለጀመዓቸው ያንብቡ። የመጀመሪያውን ዝርዝር የምናነብበው እኛ ነን፤ ያን ዝናብ ያፈሰሰ ጣሪያ ታሪክም በውስጡ አለበት።

ድምፃችን ይሰማ ስንል ኖረናል፤ አሁንም እንላለን። የመረጥነው ይምራን፣ የሚመራን ሒሳብ ያቅርብ የሚለው ጥያቄያችን አይታጠፍም። ነገር ግን በእኛው ጓዳ ድምፁን የሚሰማለት ያጣ የቲም፣ ድርሻዋን ያጣች እህት፣ መህሯ ያልተከፈላት እናት ካሉ የእኛ ድምፅ በአላህ ፊት እንዴት ይሰማል? የእነርሱን ድምፅ አስቀድመን እንስማ።

አላህ ከአደራ በላነት ይጠብቀን። በሀቅ ያገኘነውን በሀቅ የምናወርስ ያድርገን። ያለፉትን አባቶቻችንንና እናቶቻችንን ይማርልን፤ የተዉልንን ወቅፍ የምንጠብቅ ያድርገን። በክልላችንና በአገራችን ሰላምን ያውርድልን። አሚን!

ድምፃችን ይሰማ!
አላሁ አክበር!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።